የሚታገሥ ገንዘብ፦ አውሮፓን በፋብሪካ የሞሏት ባንኮች ዛሬ የት ናቸው?

ሰሜን ስዊድን ውስጥ ሼሌፍቴዮ የምትባል ከተማ አለች። ብርዷ ከባድ ነው፤ ኤሌክትሪኳ ግን ርካሽ ነው። ኖርዝቮልት የተባለው ኩባንያ ግዙፉን የመኪና ባትሪ ፋብሪካውን የተከለው እዚያ ነው። አውሮፓ ባትሪ ከእስያ መግዛቷን እንድትቀንስ ትልቁ ተስፋ ይህ ኩባንያ ነበር። በአክሲዮን፣ በብድርና በመንግሥት ድጋፍ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ያም ሆኖ በማርች 2025 ስዊድን ውስጥ ከሰረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለውድቀቱ ብዙ ምክንያት ይነሳል። ፋብሪካው በታሰበው መጠን ማምረት አልቻለም። ቢኤምደብሊው የ2 ቢሊዮን ዩሮ ትእዛዙን በ2024 ሰረዘ። ኩባንያው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ሌላ አገር ሌላ ፋብሪካ ጀመረ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አዲስ ኢንዱስትሪ መጀመሪያ ላይ መሳሳቱ አይቀርም። ታዲያ በሚሳሳትበት ጊዜ አብሮት የሚቆየው የማን ገንዘብ ነው?

አውሮፓ ለዚህ ጥያቄ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መልስ አግኝታ ነበር። መልሱ ባንክ ነበር። ገንዘብ ተቀብሎ፣ ለነጋዴ አበድሮ፣ በጥቂት ወር የሚሰበስበው ባንክ ግን አይደለም። ፋብሪካ የሚያቋቁም፣ አክሲዮኑን የሚሸጥ፣ ቦርዱ ውስጥ የሚቀመጥ ባንክ ነው። ዛሬ ኢንቨስትመንት ባንክ የምንለው ሥራ ትልቁ ክፍል የበቀለው እዚያ ነው። ቃሉ አዲስ አበባም መሰማት ጀምሯል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ተከፍቷል። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅም በ2024 መጨረሻ ጸድቋል። ስለዚህ ታሪኩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

እንግሊዝ ለምን አላስፈለጋትም?

የኢንዱስትሪ አብዮት የተጀመረው እንግሊዝ ውስጥ ነው። የሚገርመው፣ የማንቸስተር ጥጥ ፋብሪካዎች ሲነሱ ትልልቅ ባንኮች ዋና ሚና አልነበራቸውም። የመጀመሪያዎቹ መፍተያ ማሽኖች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም ነበር። አንድ ነጋዴ ከራሱ፣ ከአማቱና ከጎረቤቱ አሰባስቦ ይጀምራል። ትርፉን መልሶ እዚያው ያስገባል። በዓመቱ ሁለት ማሽን ይጨምራል። ባንክ የሚያስፈልገው ጥጥ ለመግዛትና ደመወዝ ለመክፈል ነው። እሱም የአጭር ጊዜ ብድር ነው። የለንደን ትልልቅ የገንዘብ ቤቶች በበኩላቸው የውጭ መንግሥታትን ቦንድ ይሸጡ ነበር።

ከእንግሊዝ በኋላ የመጡት አገሮች ግን በዚህ መንገድ መሄድ አልቻሉም። እነሱ ሲነሱ ዘመኑ የባቡር፣ የድንጋይ ከሰልና የብረት ሆኗል። የብረት ማቅለጫ ምድጃ በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ እያለ የሚያድግ ነገር አይደለም። ግማሽ ሐዲድም አይጠቅምም። እቁብ ሱቅ ያስከፍታል፤ ባቡር ግን አያስኬድም። ከመጀመሪያው ቀን ትልቅ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ደግሞ ለዓመታት ምንም ሳይመልስ መቆየት አለበት።

በችግር የተፈጠረው ባንክ

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ከፓሪስ ይጀምረዋል። እኔ ግን ከብራሰልስ መጀመር ያለበት ይመስለኛል። በ1822 የኔዘርላንድስ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊልያም እዚያ አንድ ባንክ አቋቋመ። ኋላ ሶሲዬቴ ዤኔራል ደ ቤልዢክ ተባለ። በ1830 ቤልጅየም አብዮት አድርጋ ከኔዘርላንድስ ተገነጠለች። ገበያው ተናጋ። ባንኩ ደግሞ በኤኖ አካባቢ ላሉ የከሰል ማዕድን ማውጫዎች ብዙ አበድሮ ነበር። ብድሩ የአጭር ጊዜ ነው ተብሎ የተሰጠ ነው። ተበዳሪዎቹ መክፈል አቃታቸው።

ባንኩ ሁለት ምርጫ ነበረው። ማዕድኖቹን በሐራጅ ሸጦ የተገኘውን መውሰድ አንዱ ነው። ሁለተኛው ብድሩን ወደ አክሲዮን ቀይሮ ባለቤት መሆን ነው። ሁለተኛውን መረጠ። ባለቤት ከሆነ ደግሞ ሥራውን ማወቅ ግድ ሆነበት። መሐንዲስ ማማከር፣ ሒሳብ መመርመር፣ ማን ከማን ቢዋሃድ እንደሚሻል ማሰብ ጀመረ። ከዚያ የማዕድኖቹንና የብረት ፋብሪካዎቹን አክሲዮን ለሕዝብ ይሸጥ ጀመር። ማንም አስቀድሞ ያቀደው ነገር አልነበረም። ችግር ነው ሙያውን ያስተማረው።

በሜይ 1835 ከብራሰልስ ወደ ሜኸለን የሚሄደው ባቡር ተከፈተ። በአህጉሩ የመጀመሪያው በእንፋሎት ሞተር የሚጎተት የሕዝብ ባቡር ይህ ነው። ትንሿ ቤልጅየም ከእንግሊዝ ቀጥላ ኢንዱስትሪ የገባባት አገር ሆነች።

ታሪኩ እዚህ ላይ በጭብጨባ አያበቃም። ይኸው ባንክ በ1906 ኮንጎ ውስጥ ዩኒየን ሚኒዬር የተባለውን የማዕድን ኩባንያ ካቋቋሙት አንዱ ነው። የካታንጋ መዳብ ለአሥርተ ዓመታት በዚያ በኩል ወጣ። የአውሮፓን የኢንዱስትሪ ገንዘብ ታሪክ ስንናገር ይህንን መዝለል አይገባም። ትዕግሥተኛው ገንዘብ ለቤልጅየም ሠራተኛና ለኮንጎ ሠራተኛ አንድ ዓይነት ፊት አላሳየም።

የፔሬር ወንድማማቾች

ኤሚልና ኢሳክ ፔሬር የቦርዶ ልጆች ናቸው። ከፓሪስ ወደ ሴን ዤርሜን የሄደውንና በ1837 የተከፈተውን የባቡር መስመር ከሠሩት ሰዎች ናቸው። ያኔ ገንዘብ ከሰጧቸው አንዱ ታላቁ የባንክ ሰው ጀምስ ሮትሺልድ ነበር። ኋላ ተቀናቃኛቸው ሆነ።

በ1852 ወንድማማቾቹ ክሬዲ ሞቢሊዬ የተባለውን ባንክ በ60 ሚሊዮን ፍራንክ ካፒታል አቋቋሙ። ሐሳባቸው ቀላልና ትልቅ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ገንዘብ አለ። ግን በየቤቱ፣ በየመሳቢያው ተበታትኗል። ሮትሺልድ የሚሠራው በጥቂት ሀብታሞች ገንዘብ ነው። ለምን ሐኪሙ፣ ባለሱቁና ጡረተኛው አይገቡም? ባንኩ ቦንድ ለእነሱ ይሸጣል። በተሰበሰበው ገንዘብ የባቡርና የፋብሪካ አክሲዮን ይገዛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

በ15 ዓመት ውስጥ የነኩት ነገር ያስደንቃል። ባቡር በፈረንሳይ፣ በኦስትሪያ፣ በስፔንና በሩሲያ። የፓሪስ ጋዝ መብራትና የከተማ አውቶቡስ፣ ያኔ በፈረስ የሚጎተተው። አትላንቲክን የሚያቋርጥ የመርከብ ድርጅት። የፈረንሳይ የባቡር መስመር በ1850 ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ1870 ከ15,000 በላይ ሆኗል። ሁሉም የእነሱ ሥራ አይደለም። ግን እነሱ ባይነሱ ሮትሺልድም እንደዚያ አይሮጥም ነበር።

ታዲያ ለምን ወደቁ? በ1855 መንግሥት የቦንድ ሽያጩን ከለከላቸው። ይህ የባንኩን አከርካሪ መስበር ነበር። የረጅም ጊዜ ገንዘብ ሳይኖራቸው የረጅም ጊዜ ሥራ ላይ ቀሩ። በዚያ ላይ ማርሴይ ውስጥ ሰፊ መሬትና ሕንፃ ውስጥ ገቡ። ሕንፃው አልሸጥ አለ። በ1867 ባንኩ ተንኮታኮተ፤ የፈረንሳይ ማዕከላዊ ባንክ ወንድማማቾቹን ከሥልጣን እንዲወርዱ አስገደደ። የተዘረጋው ሐዲድ ግን አልተነቀለም። ባቡሩም አልቆመም።

በነገራችን ላይ የፓሪስ ገንዘብ ወደ እኛም መጥቷል። አፄ ምኒልክ በ1894 የጅቡቲን ባቡር ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ኩባንያው ገንዘቡን ያሰባሰበው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ገንዘቡ አለቀ፤ ኩባንያው ከሰረ። አዲስ ኩባንያ፣ አዲስ ስምምነት አስፈለገ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል የጠፉት 15 ዓመታት ሁሉም የተራራ ጉዳይ አይደሉም። ሳይሰለች የሚጠብቅ ገንዘብ ያለመኖሩም ጉዳይ ነው።

ጀርመን ሙያውን ጨረሰችው

የፔሬሮች ሐሳብ በእጅጉ የሠመረው ጀርመን ውስጥ ነው። ጉስታፍ ሜቪሰንና አብርሃም ኦፐንሃይም የተባሉ የኮሎኝ ሰዎች የክሬዲ ሞቢሊዬን ዓይነት ባንክ ለመክፈት ፈለጉ። ጀርመን ያኔ በብዙ ግዛቶች የተከፋፈለች ነበረች። ኮሎኝን የሚገዛው የፕራሻ መንግሥት እንቢ አላቸው። ፍራንክፈርትም አልፈቀደችም። ትንሿ የሄሰን ግዛት ፈቀደች። ስለዚህ በ1853 ባንካቸውን ዳርምሽታት ከተማ ከፈቱ። ይህን የዳርምሽታት ባንክ አስታውሱት፤ እንመለስበታለን።

በ1870 ዶይቸ ባንክ በርሊን ላይ፣ ኮሜርትስባንክ ሐምቡርግ ላይ ተቋቋሙ። ሁለቱም መጀመሪያ የቆሙት ለውጭ ንግድ ነበር። በሁለት አሥርተ ዓመት ውስጥ ግን የኢንዱስትሪ ባንክ ሆኑ።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። አንድ የማሽን ፋብሪካ ባንኩ ውስጥ ሒሳብ ይከፍታል። ባንኩ ኦቨርድራፍት ይሰጠዋል። የእኛ ነጋዴዎች የሚያውቁት ዓይነት ነው፤ ከሒሳብህ በላይ ታወጣለህ፣ ስትሸጥ ትመልሳለህ። የፋብሪካው ገቢና ወጪ በሙሉ በባንኩ መዝገብ ያልፋል። ስለዚህ ባንኩ የፋብሪካውን ትንፋሽ ያውቃል። ብድሩ ይታደሳል፣ ይታደሳል። ፋብሪካው ሲጠነክር ባንኩ ወደ አክሲዮን ማኅበር ይለውጠዋል። አክሲዮኑን ለደንበኞቹ ይሸጣል። በተገኘው ገንዘብ ብድሩ ይከፈላል። ባንኩም ለሌላ ፋብሪካ የሚሆን ገንዘብ ይዞ ይነሳል። ከዚያ በኋላ አይሄድም። የተቆጣጣሪ ቦርዱ ላይ የራሱን ሰው ያስቀምጣል።

ማነስማን የተባለው ኩባንያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብየዳ የሌለው የብረት ቱቦ ለመሥራት በ1890 በዶይቸ ባንክ ድጋፍ ተቋቋመ። ፈጠራው ድንቅ ነበር፤ ምርቱ ግን አስቸገረ። ቱቦው ጉድለት አለበት፣ ወጪው ይከብዳል። ኩባንያው ለብዙ ዓመታት ለባለአክሲዮኖች ትርፍ አላካፈለም። የዶይቸ ባንኩ ማክስ ሽታይንታል ጉዳዩን ይዞ አልለቅም አለ። ኪሳራውን አጣጥፎ፣ አመራሩን ቀይሮ፣ ገንዘብ ጨምሮ አቆመው። ኋላ ማነስማን ከጀርመን ኢንዱስትሪ ትልልቅ ስሞች አንዱ ሆነ። ኖርዝቮልትን ሳስብ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ችግራቸው ይመሳሰላል። አጠገባቸው የቆመው ግን አይመሳሰልም።

ሲመንስም እንዲሁ ነው። የዶይቸ ባንክ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበረው ጌኦርግ ሲመንስ በቴሌግራፍ ሥራ የጀመረውን የሲመንስ ኩባንያ ካቋቋመው ቤተሰብ ነው። ሲመንስ በ1897 አክሲዮን ማኅበር ሲሆን የባንኩ እጅ ነበረበት። የኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪ ጀርመን ውስጥ እንደዚያ የፈጠነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ጎዶሎም ነበረው። ትልልቆቹ ባንኮች የሚወዱት ብረት፣ ከሰልና ኤሌክትሪክ ነው። ባለ ትንሽ ወርክሾፑንና ገበሬውን ዞር ብለው አያዩም። ለእነሱ የደረሱት የቁጠባ ባንኮችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበራቱን የጀመሩት ራይፋይዘንና ሹልትሰ ዴሊች የተባሉ ሰዎች ናቸው። ዛሬ በየቀበሌው የምናየው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የዘር ሐረጉ እዚያ ይደርሳል።

ጣሊያን ሙያውን ከጀርመን ወሰደች። በ1894 ሚላን ላይ ባንካ ኮሜርቻሌ፣ በ1895 ክሬዲቶ ኢታሊያኖ ተቋቋሙ። ሁለቱም ውስጥ የጀርመን ገንዘብ ነበረ።

1931

አሁን ወደ ዳርምሽታት እንመለስ። ባንኩ አድጎ፣ ከሌላ ባንክ ጋር ተዋህዶ፣ ዳናት ባንክ ተብሎ ነበር። ከጀርመን ትልልቅ ባንኮች አንዱ ነው። ብሬመን አካባቢ ኖርድቮለ ለተባለ የሱፍ ኩባንያ ብዙ አበድሮ ነበር። ኩባንያው ኪሳራውን ደብቆ ነበር። በ1931፣ በአውሮፓ ሞቃታማ ወቅት፣ ጉዱ ወጣ።

ከዚያ በፊት ቪየና ተናውጣለች። በ1855 በሮትሺልዶች የተቋቋመው ክሬዲት አንሽታልት በሜይ 11 ቀን 1931 የ140 ሚሊዮን ሺሊንግ ኪሳራ እንዳለበት አሳወቀ። ይህ ባንክ በርካታ የኦስትሪያ ፋብሪካዎችን የያዘ ነው። ሕዝቡ ገንዘቡን ለማውጣት ተሰለፈ። ፍርሃቱ ድንበር ተሻግሮ ጀርመን ገባ። በጁላይ 13 ዳናት ባንክ በሩን ዘጋ። በማግስቱ የጀርመን ባንኮች በሙሉ ተዘጉ። በ1932 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ሥራ አጡ ወደ 6 ሚሊዮን ደረሰ። ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ለምን እንዲህ ሆነ? የአሠራሩ ጥንካሬና ድክመት አንድ ስለሆነ ነው። ባንኩ ገንዘቡን የሚያገኘው ነገ ልውሰድ ሊል ከሚችል አስቀማጭ ነው። ገንዘቡ ያለው ግን ምድጃና ሐዲድ ውስጥ ነው። ምድጃ በአንድ ቀን አይሸጥም። ጊዜው ደህና ሲሆን ይህ ችግር አይታይም። ሲከፋ ፋብሪካው ባንኩን፣ ባንኩ አስቀማጩን ይዞ ይወድቃል። ፔሬሮችን የጣለው ይኸው ነገር ነው፤ በ1931 ግን የአህጉሩን ሰፊ ክፍል ጣለ።

አገሮቹ የየራሳቸውን መልስ ሰጡ። ቤልጅየም በ1934 ባንክና የአክሲዮን ይዞታን ለየች። ጣሊያን በ1933 ኢሪ የተባለ የመንግሥት ድርጅት አቋቁማ ባንኮቹንና የያዙትን ኢንዱስትሪ ወረሰች። በ1936 ደግሞ ባንክ የኢንዱስትሪ ባለቤት እንዳይሆን የሚገድብ ሕግ አወጣች። ጀርመን ግን አሮጌውን ቅርጽ ጠብቃ፣ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ጨመረችበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1948፣ ካኤፍቬ የተባለውን የልማት ባንክ በማርሻል ፕላን፣ ማለትም አሜሪካ አውሮፓን መልሶ ለመገንባት በሰጠችው ገንዘብ ጀመረች። እሱ ዛሬም አለ።

ክሩ የተበጠሰበት ቀን

በ2000 መጀመሪያ የእንግሊዙ ቮዳፎን አንድ የጀርመን ኩባንያ ገዛ። አመራሩ አይሆንም ቢልም ባለአክሲዮኖቹ በዋጋው ተሳቡ። ዋጋው ወደ 180 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። የተሸጠው ኩባንያ ማን ነበር? ማነስማን። ከቱቦ ወደ ሞባይል ስልክ ተሻግሮ ነበር።

በ2002 ጀርመን ባንኮች የያዙትን አክሲዮን ሲሸጡ የሚከፍሉትን ግብር አነሳች። ባንኮቹ ከፋብሪካዎቹ መውጣት ጀመሩ። ዶይቸ ባንክ ፊቱን ወደ ለንደንና ኒው ዮርክ የገንዘብ ገበያ አዞረ። ኢንቨስትመንት ባንክ የሚለው ስም ቀረ፤ ትርጉሙ ግን ተቀየረ። ያኔ ፋብሪካ አቋቁሞ አብሮ መክረም ነበር። አሁን በአብዛኛው ማሻሻጥ፣ ማዋሃድና ኮሚሽን መውሰድ ሆነ።

በሴፕቴምበር 2024 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ማሪዮ ድራጊ ለአውሮፓ ኅብረት ያቀረበው ሪፖርት የዚህን ውጤት በቁጥር ያሳያል። ኅብረቱ በዓመት ተጨማሪ ከ750 እስከ 800 ቢሊዮን ዩሮ ኢንቨስትመንት ያስፈልገዋል ይላል። ከአገራዊ ምርቱ 4.4 እስከ 4.7 በመቶ መሆኑ ነው። ማርሻል ፕላን እንኳ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነበር።

ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። በዚሁ ሪፖርት መሠረት የኅብረቱ ቤተሰቦች በ2022 1,390 ቢሊዮን ዩሮ ቆጥበዋል። የአሜሪካ ቤተሰቦች የቆጠቡት 840 ቢሊዮን ነው። ግን የአውሮፓ ቁጠባ ባንክ ቤት ተቀምጧል። ባንኩ ደግሞ ከ1931 ወዲህ በወጡት ሕጎችና ባንክ ለኪሳራ መጠባበቂያ የሚይዘውን የራሱን ገንዘብ በሚወስኑት፣ በኋላ በመጡት የካፒታል መመሪያዎች ምክንያት ያንን ገንዘብ አዲስ ፋብሪካ ውስጥ ባለቤት ሆኖ ማስገባት ይከብደዋል። እንደ ኔዘርላንድስና ዴንማርክ ትልቅ የጡረታ ፈንድ ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው። የጣሊያን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንሪኮ ሌታ በ2024 ባቀረቡት ሪፖርት በየዓመቱ ወደ 300 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ የአውሮፓውያን ቁጠባ ወደ ውጭ፣ በተለይ ወደ አሜሪካ እንደሚሄድ ጽፈዋል።

በኅብረቱ መቀመጫ ብራሰልስ ውስጥ መፍትሔ ተብሎ የሚነገረው አንድ የጋራ የካፒታል ገበያ መፍጠር ነው። ጥሩ ነው። እኔ ግን ይህ ብቻውን ይበቃል ብዬ አላምንም። ገበያ ዋጋ ይነግርሃል፤ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ሽጠህ ውጣ ይልሃል። ሽታይንታል ማነስማንን ያዳነው የገበያውን ዋጋ ባለመስማት ነው። የጡረታ ፈንድ ጥሩ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ገንዘቡን ነገ ልውሰድ የሚል ሰው የለበትም። እንደ ካኤፍቬ ያለ የልማት ባንክም እንዲሁ። የድሮውን ባንክ በአስቀማጩ ገንዘብ መልሱ አልልም። 1931 ይበቃል። የጎደለው ፋብሪካውን ከውስጥ የሚያውቅና ቶሎ የማይሮጥ ገንዘብ ነው።

ባንኮቹ ራሳቸው በሌላ ሥራ ተጠምደዋል። ኡኒክሬዲት የተባለው የጣሊያን ባንክ በሴፕቴምበር 2024 የኮሜርትስባንክን አክሲዮን በብዛት መግዛት ጀመረ። የጀርመን መንግሥት ተቃውሟል። ኡኒክሬዲት ማለት የዚያ በ1895 በጀርመን ገንዘብ የተደገፈው የክሬዲቶ ኢታሊያኖ ወራሽ ነው። ክርክሩ ስለ ባንክ ባለቤትነት ነው። አዲስ ፋብሪካ በማን ገንዘብ ይተከላል የሚለው ዋናው ጥያቄ አልሆነም።

ሼሌፍቴዮስ? ኖርዝቮልት ውስጥ ትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች ቮልክስዋገንና ጎልድማን ሳክስ ነበሩ። የመኪና ኩባንያው የራሱ ጭንቀት ነበረበት። የኒው ዮርኩ ባንክ ያስገባውን ገንዘብ እንደጠፋ ቆጥሮ ከመዝገቡ ሰረዘ። የትኛውም ትልቅ የአውሮፓ ባንክ ልያዘው ብሎ አልተነሳም። በኦገስት 2025 የፋብሪካውን ቀሪ ንብረት ለመግዛት የተስማማው ሊተን የተባለ ኩባንያ ነው። መቀመጫው ካሊፎርኒያ ነው።